ሳይቃጠል በቅጠል፦ መጤ አረም ያየ ዜጋ ለማን ይናገር?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል የተነገረው ስለ እሳት ነው። እሳት ገና ከምድጃው ሲያፈተልክ አንድ እፍኝ እርጥብ ቅጠል ይበቃዋል፤ ጣራውን ከያዘ በኋላ ግን የመንደሩ እንስራ ሁሉ ቢገለበጥበት አይበርድም። ይኸው ብሂል ከሩቅ አገር መጥቶ በማያውቀው ውኃ ላይ ስለሚሰፍር አረምና ዓሣ ቢነገርም እውነትነቱ አይጎድልም። መጤ ዝርያ በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ሰው እጅ ነቅሎ የሚጥለው ነገር ነው። በአሥረኛው ዓመት የመንግሥት በጀት፣ የውጭ ማሽንና የአንድ ክልል ሕዝብ ጉልበት ተደምሮ አይበቃውም። እንግዲህ ጥያቄው ሁሉ ተጠቃሎ አንድ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያየው ሰው ለማን ተናገረ? የተነገረውስ ምን አደረገ?

እንደሚታወቀው እምቦጭ የአገራችን ተክል አይደለም። ትውልዱ በደቡብ አሜሪካ፣ በአማዞን ተፋሰስ ነው። ሐምራዊ አበባው ዐይን ስለሚማርክ ለኩሬ ማስጌጫ እየተባለ በሰው እጅ ዓለምን ዞረ። የተመቸውን ውኃ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል፤ ዘሩም በደለል ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ድረስ የመብቀል ኃይሉን ይዞ ይቆያል። በኢትዮጵያ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። በጣና መኖሩ በይፋ የታወቀው ደግሞ በመስከረም 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2011) ነው። በሁለቱ መካከል 46 ዓመታት አሉ። በእነዚህ ዓመታት ዘውድ ወርዷል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ኢሕአዴግም ሁለት አሥርት ዓመታት ገዝቷል። አረሙን የሚያውቅ ምሁር አልጠፋም፤ ስለ እርሱ የተጻፈ ጥናትም አልጠፋም። የጠፋው በሐይቁ ዳር ያለው ሰው «ይህን ተክል ካየህ ለእገሌ ንገር» የተባለበት አንድ ቀን ነው።

«በይፋ ታወቀ» የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። አንድ ነገር በይፋ ከመታወቁ በፊት ያለ ይፋ ያወቀው ሰው አለና። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውኃ ነው። በመጀመሪያ የተወረረው ደግሞ ከባሕር ዳር ራቅ ብሎ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ያለው ክፍል ነው። ይህን ዳርቻ በየዕለቱ የሚዞር የመንግሥት ሠራተኛ ሊኖር አይችልም፤ በየትኛውም ሀብታም አገር አይኖርም። በየዕለቱ የሚያዩት ዐይኖች የዓሣ አስጋሪው፣ የታንኳ ቀዛፊው፣ የከብት ጠባቂውና የውኃ ቀጂዋ ናቸው።

ከዓመታት በፊት ከዚያው አካባቢ የመጣ አንድ ተማሪዬ የአጎቱን ነገር አጫውቶኝ ነበር። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ዓሣ ያሰገሩ ናቸው። አንድ ማለዳ መረባቸው ላይ ሥሩ እንደ ጥቁር ላባ የተንዘረፈፈ፣ ግንዱ እንደ ሽንኩርት ያበጠ ተክል ተጠምጥሞ አገኙት። አይተውት አያውቁም ነበርና ይዘውት ወደ ቀበሌ ሄዱ። «ጋሼ፣ አረም እኮ ሁልጊዜም አለ፤ ለአረም ደግሞ ስብሰባ እንጥራ እንዴ?» ተባሉ። ወደ ሌላ ቢሮ ቢያመሩ «የእኛ ሥራ እስከ ውኃው ዳር ነው፤ ውኃው አይመለከተንም» አሏቸው። ሦስተኛው ቢሮ ይበልጥ ጨዋ ነበር፤ «ከቀበሌ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» አላቸው። ሰውዬው ተክሉን ከመንገድ ጥለውት ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ታንኳቸውን የሚያስሩበት ቦታ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆነ። ተማሪዬ ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

እኔ የማስተምረው የሕዝብ አስተዳደር ነው፤ የዕፀዋት ሊቅ አይደለሁም። ስለዚህ ከአረሙ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የእነዚያ ሦስት ቢሮዎች ጉዳይ ነው። በአገራችን «ጥቆማ» የሚለው ቃል ምን እንደሚያስታውስ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። በደርግ ዘመን ጥቆማ ሰው ያስበላ ነበር። ከዚያም በኋላ «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ስም ከየመንደሩ አልጠፋም። ጣና በእምቦጭ መያዙ በይፋ በታወቀበት ዘመን ያ «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት በገጠሩ ተዘርግቶ ነበር። ለእርሻ ምክርና ለጤና ትምህርት ነው ተባለ፤ ብዙ ሰው ግን ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠብቅበት መዋቅር አድርጎ ነው ያየው። እንግዲህ ልብ በሉ! መንግሥት አምስት ገበሬዎች በቡና ላይ የሚያወሩትን እስከ መስማት የደረሰ ጆሮ አበጅቶ ሳለ፣ ከእነዚያ አምስቱ አንዱ ስለ ሐይቁ የሚለውን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ጆሮው የተሠራው ስለ ሰው ለመስማት እንጂ ከሰው ለመስማት አልነበረምና።

«ሪፖርት» የምንለውም ከዚህ አይሻልም። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ከታች ወደ ላይ የሚወጣ የአፈጻጸም መቶኛ ነው። ክፉ ወሬ ይዞ የሚወጣ ሪፖርት ጸሐፊውን ያስገመግማል። በቀበሌው መጤ አረም መገኘቱን የሚጽፍ ባለሙያ «ለምን ቀድመህ አልተከላከልክም?» እንደሚባል ያውቃል። ስለዚህ ዝም ማለት ለእርሱ ጥበብ ነው፤ ለሐይቁ ግን ሞት ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ምሳሌዎችን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ክሮፍተን በምትባል ከተማ፣ አንድ ሰው ከኩሬ ያላወቀውን ዓሣ አጠመደ። ፎቶ አንሥቶ ለቀቀው፤ ፎቶውንም ለግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት አሳየ። ዓሣው ከእስያ የመጣ፣ «እባብ ራስ» የሚባል አዳኝ ሆኖ ተገኘ። ባለሥልጣናቱ ከወራት በኋላ ኩሬውን በዓሣ መርዝ አጸዱት፤ ስድስት ትላልቅ ዓሦችና ከሺህ በላይ ጫጩቶች ሞተው ተቆጠሩ። ዓሦቹን ወደ ኩሬው የጨመረው ሰውም ተገኘ። ለታመመች እኅቱ ሾርባ ይሆናሉ ብሎ ከኒው ዮርክ ገበያ በሕይወት ያስመጣቸው ነበሩ፤ እኅቱ ሲሻላት ሁለቱን ኩሬ ውስጥ ለቀቃቸው። የክስ ጊዜው አልፎ ስለነበር አልተከሰሰም። ይሁን እንጂ በ2004 ያው የዓሣ ዓይነት በፖቶማክ ወንዝ ተገኘ፤ ከኩሬው ያመለጠ ሳይሆን በሌላ መንገድ የገባ ነበር። ዛሬ ወንዙን ቤቱ አድርጎታል። ከዋሽንግተን አጠገብ የምትኖሩ ወገኖች በእግር የምትንሸራሸሩበት ያ ወንዝ ማለት ነው። ጥቆማ ሁሉን አያድንም፤ ኩሬውን አዳነ፣ ወንዙን ግን አላዳነም። ጥቆማ የሚሰጠው ዕድልን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቅርብ ጊዜ የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በሲያትል ከተማ በአንድ የቤት እንስሳት መሸጫ የሚሠራ ሰው፣ ለዓሣ ገንዳ ማስጌጫ በሚሸጥ ድቡልቡል አረንጓዴ አልጌ ውስጥ አንድ ጥቃቅን ባለ ዛጎል እንስሳ አየ። ዜብራ መስል የሚባለው፣ የአሜሪካን ሐይቆችና የውኃ ቧንቧዎች ያስቸገረው መጤ ፍጥረት ነበር። ሠራተኛው ያየውን ለአገሪቱ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የመጤ ዝርያዎች መዝገብ አስታወቀ። መዝገቡን የሚይዘው ባለሙያ ደግሞ መልእክቱን ወደ ሌላ ቢሮ በመምራት ብቻ አላበቃም፤ በሚኖርበት ፍሎሪዳ ወደሚገኝ መሸጫ ሄዶ ራሱ ተመለከተና ያንኑ አገኘ። በቀናት ውስጥ እንስሳው በ21 ግዛቶች መሸጫዎች መኖሩ ታወቀ፤ ዕቃውም ከየመደርደሪያው ተነሣ። ይህን ያደረገው የመደብር ሠራተኛ ነው። ደብዳቤ አምጣ ያለውም የለም።

የመጨረሻው ምሳሌ ስለ አንድ የባሕር ተክል ነው፤ ስሙ ካውለርፓ ታክሲፎሊያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ፣ ከውቅያኖስ ሙዚየሙ ሥር በሚገኘው ባሕር ውስጥ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ሆኖ ታየ። ከየት መጣ፣ የማን ጥፋት ነው፣ ጎጂ ነው አይደለም እየተባለ ዓመታት በክርክር አለቁ። የኒስ ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ሜኔዝ ደጋግመው ቢጮኹም፣ ተክሉ በሜዲትራኒያን ከ10,000 ሄክታር በላይ እስኪሸፍን ድረስ የሚነቅለው አልተገኘም። ያው ተክል በሰኔ 2000 በካሊፎርኒያ አንድ ወሽመጥ ውስጥ በጠላቂዎች ታየ። በ17 ቀን ውስጥ ሥራ ተጀመረ፤ ተክሉ በሸራ ተሸፍኖ በክሎሪን ታጠነ። ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት፤ በ2006 ግን ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ። ተክሉ አንድ ነው፤ ባሕሩም ለተክሉ የሚመች ነበር። የተለያየው መልስ ለመስጠት የፈጀው ጊዜ ነው።

«እኛ ድሆች ነን፤ እነርሱ ሀብታሞች ናቸው» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ድኅነት ቶሎ ለመስማት ምክንያት ነው እንጂ ላለመስማት አይሆንም። ሸራና ክሎሪን ገዝቶ በጊዜ መድረስ ያልቻለ አገር ማሽንና ነዳጅ ለዓመታት መግዛትን ከየት ያመጣዋል? እኛስ የከፈልነው ጥቂት ነውን? ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ገበሬው አንገቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ እምቦጭን በእጁ ነቀለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየአገሩ ተጉዘው ተሳተፉ፤ በውጭ ያሉ ወገኖች ገንዘብ አዋጥተው ማሽን ላኩ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም ታላቅ ዘመቻ ተካሄደ። ሕዝቡ ጉልበቱን አልነፈገም። ጥያቄው ያ ሁሉ ጉልበት የተጠራው ለምን ከረፈደ በኋላ ሆነ የሚለው ነው።

«የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንላለን። መጤ አረም ግን የአገሩን በሬ ትቶት ስለመጣ ነው የሚያሸንፈን። የእምቦጭ «በሬ» በትውልድ አገሩ የሚበሉት፣ ከእኛ ነቀዝ ጋር የሚዛመዱ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995 እነዚህን አስመጥታ በቪክቶሪያ ሐይቅ ለቀቀች፤ በማርባቱም ሥራ የሐይቁ ዳር ዓሣ አስጋሪዎች ተካፈሉ። አረሙ በ1998 ገደማ እጅግ ቀነሰ፤ የዚያን ጊዜው የኤል ኒኞ ዝናብና ማዕበልም አግዟል። ከዚህ ውስጥ እኔን የሚማርከኝ አንድ ነገር ነው፤ ዓሣ አስጋሪው የሚዘመትበት ጉልበት ብቻ ሳይሆን የሥራው ባለቤት ሆነ።

ዛሬ በጣና ዙሪያ ያለው ሁኔታ ነገሩን ይበልጥ አክብዶታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሰው ከቤቱ መውጣትን ፈራ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በብዙ ቦታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በሐይቅ ዳር ቆሞ ስልክ አውጥቶ ፎቶ የሚያነሣ ሰው አረም እያነሣ ነው ብሎ ማን ያምነዋል? አረሙ ግን ወገን አይለይም፤ ተኩስ እስኪቆምም አይጠብቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው ታላቅ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ በሐይቅና በግድብ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ያየውን የሚናገርበት አንድ የታወቀ ቦታና አንድ አጭር ስልክ ቁጥር ይኑር፤ «አይመለከተንም» ማለት የማይችል ቦታ። ሁለተኛ፣ ለተናገረ ሰው በቀናት ውስጥ መልስ ይሰጠው፤ «አይተነዋል፣ የአገር ውስጥ ተክል ነው» የሚል መልስ እንኳ ቢሆን። ዘጠኙ ጥቆማ ስሕተት ቢሆን ኪሳራው የባለሙያ ግማሽ ቀን ነው፤ አሥረኛው ባይሰማ ኪሳራው ሐይቅ ነው። ሦስተኛ፣ የተናገረው ሁሉ ማንም በሚያየው ካርታ ላይ ይቀመጥ፤ መሥሪያ ቤቱ መስማቱን እኛም እንድናውቅ። አራተኛ፣ የተናገረ አይጠየቅበት፤ በቀበሌው አረም መገኘቱን የጻፈ ባለሙያ አይገምገም፣ ይመስገን።

አንባቢም የራሱ ድርሻ አለው። በዝዋይ፣ በአባያም ሆነ በጣና ዳር ያላወቃችሁትን ተክል ወይም ዓሣ ብታዩ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ብዛቱን ጻፉ፤ ቅጠሉን፣ አበባውንና ሥሩን ለይታችሁ ፎቶ አንሡ። ለማስጌጫ ብላችሁ ወደ ሌላ ውኃ አትውሰዱት። ከዚያም ለሚመለከተው ክፍል ንገሩ፤ ባይሰማችሁ የተናገራችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙና ደግማችሁ ንገሩ። ስለ ሰው መጠቆም ያሳፈረን ሕዝብ ነን፤ ስለ ውኃችን መናገር ግን የባለቤት ወግ ነው። ባለቤቱ ሲናገር የሚሰማ ቢሮ ማበጀት ደግሞ ከመንግሥት የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው።

ቸር ያሰማን።