የፍሬኑ ቱቦና የእኔ ዝምታ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን አንድ ጊዜ ዝም በማለቴ ለሰው እግር መሰበር ምክንያት ሆኛለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ፍሬን ቱቦ ነው። «ጋዜጠኝነትና የፍሬን ቱቦ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ነው። አጎቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ወደ አርብ ገበያ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ስማዳ ሸቀጥ ያወርዳል፤ ሲመለስ እህል ይጭናል። አንዳንዴ ደግሞ በደብረ ታቦር ዞሮ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ድረስ ይሄዳል። አገሩን ለማታውቁ ስሙ ራሱ ይነግራችኋል፤ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት! ሁሉም ዳገትና ቁልቁለት ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ብረት ቁልቁለት ሲገጥመው ፍሬኑ የሰው ክንድና ገመድ እንደነበር መገመት አያቅትም። ገመዱ ቢያጥር ምን እንደሚከተል እናንተው አስቡት።

የእኔ ነገር የሆነው በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የመኪናው የፊት ባሌስትራ ደክሞ ስለነበር ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጎማው ከላይ ካለው ብረት ጋር ይፋጫል፤ ጅረት ሲሻገርም ሆዱን ድንጋይ ይመታዋል። አጎቴ ጋራዥ ወሰደውና ባሌስትራ አስጨመረ። መኪናው በአራት ጣት ያህል ከፍ አለ። የእኔ ሥራ ከሥር ተጋድሞ ባትሪ ማብራት ነበር።

መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ የፊት ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የፍሬኑን ቱቦ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ አየሁት። ይሄ ቱቦ የፍሬን ዘይት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ተጣጣፊው ቱቦ ነው። አንዱ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የታሰረ ነው፤ ሌላው ከጎማው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መሪ ሲዞርም ይዞራል። ሻንሲው አራት ጣት ከፍ ብሏል፤ ቱቦው ግን የድሮው ነው።

«ይሄ አላጠረም እንዴ?» ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። የትልቅ ሰው ሥራ ላይ ልጅ አይገባም ተብዬ ያደግሁ ነኝ። ትንሽ ቆይቶ ክሪኩ ሲወርድ ጎማው መሬት ነካ፣ ቱቦውም ረገበ። «እንኳንም አልተናገርኩ» አልኩ በሆዴ።

ሦስት ሳምንት ምንም ሳይሆን አለፈ። ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። መኪናው ሲጫን ባሌስትራው ተዘርግቶ ሻንሲው ዝቅ ስለሚል ቱቦው ይረግባል። አደጋው ያለው ባዶውን ሲሄድ ነው። ያን ቀን አጎቴ እህል ሊጭን ወደ ስማዳ ባዶውን ይወርድ ነበር። ቁልቁለት ላይ አንዱ የፊት ጎማ ጎርፍ የበላው ቦይ ውስጥ ገባና ተንጠለጠለ። ቱቦው አንገቱ ላይ ተቀደደ። ፍሬን ቢረግጥ ፔዳሉ ሰመጠ። የኋላው መስመር ለብቻው ስለሆነ ይሠራል፤ ግን ባዶ መኪና ኋላው ቀላል ነው፣ ቁልቁለት ላይ ምን ይይዛል? አጎቴ ማርሽ እየቀነሰ መኪናውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው አስጠጋ። ረዳቱ ታኮ ይዞ ዘለለ። መኪናው ቆመ፤ የረዳቱ እግር ግን ጎማው ሥር ነበር።

እኔ ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሆስፒታል ልንጠይቀው ስንሄድ «እግዜር ያመጣው ነው፣ ምን ይደረጋል» አለ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ማታ ቤት ስንገባ ለአጎቴ ነገርኩት። «ጋሼ፣ እኔ ቱቦው ተወጥሮ አይቼው ነበር።» ብዙ ዝም አለ። «ብትነግረኝም የምሰማህ አይመስለኝም ነበር» አለኝ በመጨረሻ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ መኪናውን ያስተካከሉት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ይህችን ከእሳቸው ነው የያዝኳት። ቱቦ የሚለካው መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ አይደለም። ሻንሲውን በክሪክ አንስቶ ጎማው ሙሉ በሙሉ እስኪንጠለጠል፣ ከዚያ መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራ፣ እስከ ጥጉ ወደ ቀኝ አዙሮ ነው። እዚያ ላይም ቱቦው ትንሽ መርገብ አለበት። ካልረገበ ወይ ረዘም ያለ ቱቦ መግጠም፣ ወይ ሻንሲው ላይ ቱቦውን የያዘችውን ብረት ዝቅ አድርጎ ማሰር ነው። ቁራጭ ቀጣጥሎ ማስረዘም ግን ክልክል! ደግሞ ከልክ በላይ ቢረዝምም ጎማው እያሸው ይበላዋል። ከተገጠመ በኋላ ከመስመሩ አየር ይወጣል፤ አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይይዝና ሌላው ከሥር ዘይት እንዳያልብ ያያል። «በተመቸው ሰዓት የለካኸው አይጠቅምህም» አሉኝ።

አሁን ሁለተኛ ዓመት ደርሻለሁ። መምህሮቻችን «ጠይቁ፣ አትፈሩ» ይሉናል። እውነቱን ልናገርና ዛሬም እጄን ሳወጣ ልቤ ይመታል። ሰው ሁሉ ተስማምቶ ሲነሳ «ቆይ እስቲ፣ ይሄ አላጠረም ወይ?» ማለት ቀላል አይደለም፤ በተለይ የሚመልስልህ ሰው በዕድሜም በሙያም ሲበልጥህ። ቢሆንም አወጣለሁ።

ረዳቱ ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ አልወጣም። እያነከሰ ነው የሚሄደው። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ይህ ቡለቲን ሲታተም አንድ ቅጂ ይዤለት ነፋስ መውጫ እሄዳለሁ።

ቸር ሰንብቱ።