«ዓለም ወሰዳቸው» ወይስ የቤት ኪራይ?

በከተማችን መንፈሳዊ ጉባኤያት ከሚሰጡ ፍርዶች ሁሉ «ዓለም ወሰዳቸው» ከምትባለው የበለጠ አጭር፣ ይግባኝም የሌላት አላውቅም። ትናንት መዝሙር ሲያስጠኑ፣ የግቢ ተማሪዎችን ሲያስተምሩ፣ ለጉዞ አውቶቡስ ሲከራዩ የነበሩ ባልና ሚስት ከጉባኤው ሲቀሩ አንዱ ይህችን ቃል ይጥላል፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። ለመሆኑ ይህ «ዓለም» የሚባለው ወሳጅ ማን ነው? አድራሻውስ የት ነው?

ስማቸውን የማልጠቅሳቸው አንድ ባልና ሚስት አሉ። ያወቅኋቸው በአምስት ኪሎ፣ ያኔ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል በነበረው ግቢ፣ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ሳስተምራቸው ነው። እርሱ ኤሌክትሪካል፣ እርሷ ኬሚካል ምሕንድስና ተምረው በ2009 ዓ.ም. ተመረቁ። እርስ በርስ የተዋወቁት ግን በግቢ ጉባኤ ነበር። ከምረቃ በኋላ እርሱ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ እርሷ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ሥራ ያዘች። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም፣ እርሱ እዚህ እርሷ እዚያ፣ ወጣቶችን ያስተምሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልናገር። የሰሜኑ ጦርነት መዘዝ ከጦር ሜዳው እጅግ ርቆ ተሰማ፤ አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ተጠቃሚነት አስወጣች። ልብስ ወደዚያ ገበያ ይልኩ የነበሩ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲቀንሱ እርሷም ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. በተክሊል ተጋብተው አፍንጮ በር አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። ከዚያ ወደ አምስት ኪሎም ሆነ ወደ ፒያሳ በእግር ይኬዳል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ በፒያሳና በአራት ኪሎ ሲጀመር የብዙ ሰው ቤት ፈረሰ፤ የቀሩት ክፍሎች ኪራይም ወጣ። እነርሱም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ምን ያህል እንደሚገዛ ከዚያ ወዲህ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ሁለቱም ሙያቸውን ለወጡ። እርሱ የመንግሥት ሥራውን ትቶ በኢንተርኔት አማካይነት ለአንድ የውጭ ድርጅት ሶፍትዌር መሥራት ጀመረ፤ የሥራ ሰዓቱ ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም ልክ የጉባኤው ሰዓት ነው። እርሷ ቤት ለቤት እየዞረች ሒሳብና ኬሚስትሪ ታስጠናለች፤ ወላጆች አስጠኚ የሚፈልጉት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ነው። በመካከሉ ልጅ ተወለደ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ፒያሳ ሻይ ይዘን ስንጫወት እርሷ ፈገግ ብላ «ዶክተር፣ ኦፖርቹኒቲ ኮስትን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አንዱን ስትመርጡ የምትተዉት ነገር ዋጋ ነው ብለውናል። የእኛ የእሑድ ጠዋት ዋጋ የልጃችን ወተት ሆነ» አለችኝ። እርሱ ግን አልሳቀም። «እኔን የሚያመኝ መቅረቴ አይደለም» አለ። «ሳስተምራቸው የነበሩት ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ለማለት ያፍራሉ። ምን ተብለው ይሆን?»

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በሀገራችን የመንፈሳዊ አገልግሎት ታሪክ «በነጻ» የተሠራ የሚመስለን ሁሉ ከበስተጀርባው ወጪውን የሚሸፍን ነበረው። ካህኑና ደብተራው የሚቀድሱትና የሚዘምሩት የሰሞን መሬት ይዘው ነበር። የቆሎ ተማሪው እንኳ በአኩፋዳው የሚሰበስበው ቁራሽ የመንደሩ ሕዝብ መዋጮ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ይህ ጥንታዊ መሠረት ተናደ።

በፍርስራሹ ላይ ሌላ መሠረት ተተካ፤ ብዙዎቻችን ግን ልብ አላልነውም። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ በገቡ ጊዜ በጸሎት የተሰባሰቡት ወጣቶች ከሌሎች የግቢ ጉባኤ አባላት ጋር ሆነው በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ። ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚገኘውም እዚሁ አምስት ኪሎ ነው። የተማረ ምእመን በትርፍ ጊዜውና ከደመወዙ በሚያዋጣው ገንዘብ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያገለግልበት ሥርዓት በዚህ መልክ ሰፋ። ነገር ግን ያ ወጣት ተማሪ ሳለ የሚያድርበትና የሚበላው ከመንግሥት ነበር፤ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ወጪ መጋራት ቢመጣም ክፍያው ከምረቃ በኋላ ስለሆነ ግቢ ሳለ አልተሰማውም። ሲመረቅ ሥራ ያገኝ ነበር፤ ደመወዙም ጠባብ ቢሆን ቤት ያከራየው ነበር። በእኔ ዘመን የተመረቅነው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከቢሮ ወጥተን ጉባኤ የምንደርሰው ከሌላው የበለጠ ጻድቃን ስለ ነበርን አይደለም፤ ቤታችን ቅርብ፣ ምሽታችንም የራሳችን ስለ ነበረ ነው።

ዛሬ ሁለተኛው መሠረት እየተናደ ነው። የምናየው ግን ተቋማቱ ስለ መሠረቱ መጨነቃቸውን ሳይሆን ከቤቱ የወጡትን መውቀሳቸውን ነው። «የዱሮ አባቶች ተርበው አገለገሉ» የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት ነው፤ መነኩሴው ግን ልጅ አያሳድግም። ሌላው ደግሞ «አገልግሎት ደመወዝ ከተከፈለበት ንግድ ይሆናል» ይላል። ይህም ከባድ ሥጋት ነው፤ እኔም ለወጣት አገልጋይ ሁሉ ደመወዝ ይቆረጥ አልልም።

ለዚህ ጉዳይ የሐዋርያት ሥራ አንድ ባልና ሚስት ያሳየናል፤ አቂላንና ጵርስቅላን። ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም ባስወጣ ጊዜ ተሰደው ቆሮንቶስ ገቡ። ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበር፤ ጳውሎስም ሙያቸው አንድ ስለሆነ አብሯቸው ተቀምጦ ሠራ። ኋላም ወደ ኤፌሶን ተሻገሩ፤ አንደበተ ርቱዕ የነበረውን አጵሎስን ወደ ቤታቸው ወስደው የጎደለውን አስተማሩት። በቤታቸውም ምእመናን ይሰበሰቡ ነበር። ልብ በሉ፤ ከተማቸውን ያስለቀቃቸው የፖለቲካ ውሳኔ ነው፤ ኑሯቸው የእጅ ሥራ ነው፤ አገልግሎቱም አብሯቸው ተጓዘ። ጳውሎስ «ሮም ስለ ምን ተዋችሁ?» ብሎ አልወቀሳቸውም፤ መርፌውን ይዞ አጠገባቸው ተቀመጠ።

እኛስ አጠገባቸው መቀመጥ ያቅተናል? አዲስ አበባ ወደ ዳር ተዘርግታለች፤ ወጣቱ ባለ ትዳር የሚኖረው አራብሳና ኮዬ ፈጬ ነው፤ የጉባኤዎቻችን ልብ ግን አሁንም አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎና ፒያሳ ቀርቷል። ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ በታክሲ ሰልፍ ሕፃን ታቅፎ መምጣትን የእምነት መለኪያ ከማድረግ ጉባኤውን ወደ ሰፈራቸው መውሰድ ይቀላል። ሰዓቱን መለወጥ፣ ልጅ በተራ መያዝ፣ ሥራ ለፈታ አገልጋይ በዕድርና በዕቁብ ልማድ መደጋገፍ ከባህላችን የራቀ አይደለም። መንግሥትም ቢሆን ከተጠያቂነት አያመልጥም። በሕዝብ ገንዘብ ያስተማራት የኬሚካል መሐንዲስ አስጠኚ ሆና ስትዞር ሀገሪቱም እንደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ሠራተኛ አጥታለች፤ እርሷንም «ዓለም ወሰዳት» ሊላት አይችልም።

ባልና ሚስቱ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ማታ አራብሳ ቤታቸው ስምንት ያህል ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎችን ይሰበስባሉ። እርሷ ቡና ታፈላለች፤ እርሱ ወንጌል ያነብላቸዋል፤ ሲጨርሱ ደግሞ የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍ ያሳያቸዋል። ይህ ስብሰባ በማንም የአገልግሎት ሪፖርት ላይ አልሰፈረም። የቀድሞ ጉባኤያቸው አባላት ይህን የምታነቡ ካላችሁ አንድ እሑድ ሂዱና ጎብኟቸው፤ ልጆቹንም ይዛችሁ ሂዱ፤ መምህራቸውን ሰላም ይበሉት።