ቶሮንቶ ውስጥ ክረምት መቼ ነው?

ቶሮንቶ ላደገ ልጅ «ክረምት» ሲባል በረዶ፣ ጓንትና ወፍራም ካፖርት ይታየዋል። አዲስ አበባ ላደገች እናቱ ግን ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጃንጥላና የትምህርት ቤት እረፍት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ከዚያ መፀው፣ በጋና ፀደይ ተራ በተራ ይከተላሉ። ስለዚህ እናትና ልጅ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ በአንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ወቅቶችን ይጠራሉ።

ጉዳዩ የቋንቋ ብቻ አይደለም። ሰውነታችንም ወቅትን ይቆጥራል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ግን የቀኑ ብርሃን በጁን 15 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ በዲሴምበር ወደ 9 ሰዓት ይወርዳል። በኢትዮጵያ ሰዓት ብንናገር፣ በጁን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በዲሴምበር ግን 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል።

በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚሰሙትን ቃላት አዳምጡ። «ደበረኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ሰውነቴ ከበደኝ» ይባላል። ብዙ ጊዜ «ናፍቆት ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ይተዋል። ናፍቆትም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. አንድ የድብርት ዓይነት በጥናት ገልጸዋል። ይህ ድብርት ቀኑ ሲያጥር ይመጣል፣ ብርሃን ሲመለስ ይቀላል። ሮዘንታል ራሳቸው ከደቡብ አፍሪካ ወደ ኒው ዮርክ የሄዱ ሰው ናቸው፤ የጨለማውን ወራት ክብደት በራሳቸው ላይም አይተውታል። ፀሐይ ከማይጠፋበት አገር ወደ ሰሜን የመጣ ሰው ታሪካቸውን በቀላሉ ይረዳዋል።

ወቅትና ስሜት እንደሚገናኙ ከሁሉ በፊት ካሰቡት መካከል የህንድ የጥንት ሕክምና፣ አዩርቬዳ፣ አንዱ ነው። አዩርቬዳ ዓመቱን በስድስት ወቅቶች ይከፍላል። ለእያንዳንዱም የሚስማማ ምግብ፣ እንቅልፍና እንቅስቃሴ ይመክራል። በሰውነት ውስጥ ሦስት ኃይሎች አሉ ይላል። ቫታ እንደ ነፋስ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ሲበዛ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። ፒታ እንደ እሳት ሞቃት ነው። ካፋ እንደ እርጥብ አፈር ከባድና ዝግተኛ ነው። ይህ የዛሬው ሳይንስ ያረጋገጠው ነገር ሳይሆን የቆየ አስተሳሰብ ነው። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። የህንድ መጻሕፍት ቫታ የሚያይለው በዝናቡ ወራት ነው ይላሉ። እዚህ አሜሪካና ካናዳ ያሉ የአዩርቬዳ ባለሙያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ቫታን ከደረቁና ነፋሻማው የቅጠል መርገፊያ ጊዜ ጋር ያያይዙታል። ዕውቀቱ አገር ሲቀይር አቆጣጠሩም ተቀየረ። እኛም «ክረምት» በሚለው ቃላችን ላይ ማድረግ ያለብን ይህንኑ ይመስለኛል። ያለንበትን ሰማይ አይተን ኑሯችንን ማስተካከል አለብን።

ከኖቬምበር እንጀምር። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ምሽቱም በድንገት ይቀርባል። መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ፓዝ በሚባለው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የምድር ውስጥ መተላለፊያ ከባቡር ወርዶ ቢሮው ሊገባ፣ ፀሐይ ሳያይም ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ይሞቃል፣ ግን ብርሃን የለውም። እኔ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ስለምቀመጥ በምሳ ሰዓት ከላይ፣ በመንገዱ ላይ እሄዳለሁ። ደመናማ ቀን እንኳ ከቢሮ መብራት የበለጠ ብርሃን ይሰጣል።

ለዚህ ወቅት አዩርቬዳ የሚመክረው ትኩስ፣ በደንብ የበሰለና ቅመም ያለው ምግብ ነው፤ የመብያና የመኝታ ሰዓትም ቋሚ ይሁን ይላል። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ግሪንውድ ጣቢያ አካባቢ ብትወርዱ ይህ ምክር በእኛ ምግብ ቤቶች ውስጥ ይጠብቃችኋል። ሽሮ፣ ምስር፣ ዝንጅብል ያለበት ሻይ አለ። ኅዳር 15 የሚጀምረው የገና ጾምም ዓመቱ በሚጨልምባቸው ሳምንታት ላይ ይውላል። ለሚጾም ሰው የቀኑን ሥርዓት ይዞለት ይቆያል።

በጃንዋሪ አላን ጋርደንስ ሂዱ። ትልቁ የመስታወት ጉልላት በ1910 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው። ውጭ በረዶ እያለ ውስጥ ዘንባባና እርጥብ አፈር ይሸታል። እዚያ ተቀምጦ ትንፋሽን ብቻ ማዳመጥ ይቻላል። ፈረንጆቹ ይህን ማይንድፉልነስ ይሉታል። በአማርኛ ጥሩ ስም አለው፦ ቀልብን መሰብሰብ። ቶሮንቶ በዚህ በኩል የራሷ ታሪክ አላት። የከተማዋ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዚንደል ሲጋል፣ ከብሪታንያ ባልደረቦቻቸው ከማርክ ዊሊያምስና ከጆን ቲስዴል ጋር፣ ከድብርት የዳኑ ሰዎች ተመልሰው እንዳይታመሙ የሚረዳ የቀልብ መሰብሰብ ሥልጠና አዘጋጅተዋል።

በማርች በረዶው ይቀልጣል፣ ሰውነት ግን ገና ከባድ ነው። አዩርቬዳ ይህን የካፋ ጊዜ ይለዋል። ቀለል ያለ ምግብና እንቅስቃሴ ያዛል። ኤፕሪል መጨረሻ ወይም ሜይ መጀመሪያ ላይ ሃይ ፓርክ ውስጥ የቼሪ ዛፎች ያብባሉ። የመጀመሪያዎቹ ዛፎች የቶኪዮ ሕዝብ በ1959 እ.ኤ.አ. የሰጣቸው ናቸው። አበባው ቶሎ ይረግፋል፤ ስለዚህ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ነገ አትበሉ። በጁላይ ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ መሻገርና የሐይቁን ነፋስ መቀበል ነው። ያን ጊዜ አገር ቤት ክረምት ነው፤ እዚያ ዝናብ ይዘንባል።

ይህ ሁሉ ለቀላል መክበድ ይረዳል። አንድ ሰው ግን ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከከፋው፣ የሚወደውን ነገር ከጠላ፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ሐኪም ማየት አለበት። ሐኪሞች በጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል 10,000 ሉክስ በሚሰጥ መብራት ፊት መቀመጥን ሊመክሩ ይችላሉ። የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው ይህን ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅ። አንዳንድ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ውስጥም እርሳስና ሜርኩሪ ተገኝቷል፤ ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ። ሕይወቱን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው 9-8-8 ላይ በማንኛውም ሰዓት መደወል ወይም መልእክት መላክ ይችላል። አገልግሎቱ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ አባት ወይም አያት ካሏችሁ ደግሞ አጠገባቸው ሆናችሁ የምትተረጉሙት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ለዚህ ነው ቃላቱን ማወቅ የሚጠቅመው። እናታችሁ በኖቬምበር «ደበረኝ» ስትል «ቲቪ ክፈቺ» ብላችሁ አትለፉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው? እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጫማችሁን አድርጉና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አብራችሁ ውጡ።