በቅቤ የማይታሽ ወለምታ

ባለፈው ዓመት ለጥር 23 የፈረስ በዓል እንጅባራ ደርሼ፣ በማግስቱ ግምጃ ቤት ያለው ቤታችን ስገባ እናቴ ልትቀበለኝ ከደጅ ወጣች። ከበሩ እስከ አጥሩ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች ሃያ እርምጃ ውስጥ ቀኝ እግሯን ወደ ውጭ እየጣለች እንደምትሄድ አየሁ። ስጠይቃት “ወለምታ ነው ልጄ፣ ይለቃል” ብላ ቡናዋን ልታቀራርብ ገባች። መቼ ወለም እንዳላት የሰማሁት ከእህቴ ነው። ነሐሴ ላይ፣ ድንች ሲቆፈር። አምስት ወር ሆኗታል ማለት ነው።

“የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” እንላለን። ሁላችንም አባባሉን የምናነሳው ስለ ምላስ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሳይነገር የሚያልፈው ሌላው ግማሹ ነው፤ የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል የሚለው። እናቴ ሦስት ጊዜ ታሽታለች። ያሻት ወጌሻ አገር የሚያምነው ሰው ነው። በልጅነቴ የወለቀ ክርኔን ቦታው የመለሰው እሱ ስለሆነ ልነቅፈው አፌን አይዳዳኝም። አጥንት ከቦታው ሲወጣ ያውቃል። ይሄኛው ግን አጥንት አልነበረም፤ በታሸች ማግስት ሁሉ እብጠቱ ይብስ ነበር።

ጤና ተቋምም ሄዳለች። ራጅ ተነስታ “ስብራት የለም” ተባለች፣ ማስታገሻ ተሰጣት። “ስብራት የለም” የሚለው ቃል ቤት ሲደርስ “ምንም የለባትም” ሆነ። ተራ ራጅ ጅማትን አጥርቶ እንደማያሳይ የነገራት የለም። ከዚያ ወዲህ ቀሚሷን አስረዝማ እግሯን መሸፈን ጀመረች። ምክንያቱ ገብቶኛል። በእኛ በደጋው ቀይ አፈር ላይ እግር ካበጠ የጎረቤት ሹክሹክታ ወዲያው የዝሆን እግር ላይ ያርፋል። የዝሆን እግር የሚመጣው ለረጅም ዓመት በባዶ እግር እንዲህ ያለ አፈር ከመርገጥ ነው፤ በጫማና በመታጠብ ይከላከሉታል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቢሆንም ሰው ይሸሸዋል። የእናቴ እብጠት ከዚያ ጋር አይገናኝም ነበር፤ ሐፍረቱ ግን ያው ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ያጠና ጓደኛ አለኝ። ስደውልለት ብዙ አልጠየቀኝም። “ቀጥ ብላ ትቁም፤ ከኋላዋ ሁነህ ሁለቱን እግሮች ፎቶ አንሳና ላክልኝ” አለኝ። ኔትወርክ እስኪገኝ ማታ ሆነ። መልሱ አጭር ነበር፦ “ጣቶቹን ቁጠር።” ከኋላ ሲታይ በግራ እግሯ በኩል ትንሿ ጣት ብቻ ብቅ ትላለች። በቀኙ ሦስት ጣቶች ወደ ውጭ ወጥተው ይታያሉ። ተረከዙ ወደ ውጭ ዘሟል፤ ከእግሯ ሥር የነበረው ጎድጓዳ መሬት ነክቷል። ጓደኛዬ ሁለተኛ ፈተና ሰጠ። ግድግዳ ይዛ በአንድ እግር ቆማ ተረከዟን ታንሳ። በግራዋ አነሳች። በቀኟ ሞከረች፣ ሰውነቷን ወደ ግድግዳው ገፋች፣ ተረከዙ ከመሬት አልተላቀቀም። “ይሄ የማን እግር ነው?” ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውስጠኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ ኋላ ሦስት ጅማቶች ከደም ሥርና ከነርቭ ጋር ተጠጋግተው ያልፋሉ። አንዱ ወደ አውራ ጣት፣ አንዱ ወደ ሌሎቹ ጣቶች ይሄዳል። ትልቁን ሸክም የሚይዘው ሦስተኛው፣ ከባት ጥልቅ ጡንቻ ተነስቶ በጉብታው ሥር እንደ ገመድ ይታጠፍና እግር መሃል ካሉት አጥንቶች ላይ ይታሰራል። በተራመድን ቁጥር የእግርን ጎድጓዳ ወደ ላይ ጎትቶ የሚይዘው እሱ ነው። ችግሩ የሚታጠፍባት ቦታ የደም አቅርቦቷ ትንሽ መሆኑ ነው። ከተጎዳ ቶሎ አይጠግንም፤ እየተላላ፣ ውስጡ እየተበጣጠሰ ይሄዳል። በብዛት የሚያጠቃው አርባን ያለፉ ሴቶችን ነው። ውፍረት፣ ስኳርና የደም ግፊት ያባብሱታል። እናቴ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ግፊትም አለባት።

በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለት ሐኪሞች፣ ጆንሰንና ስትሮም፣ ሕመሙን በደረጃ ከፋፍለው ጽፈዋል። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። መጀመሪያ ሕመምና እብጠት አለ፣ የእግሩ ቅርጽ ግን አልተለወጠም። ቀጥሎ እግሩ ይተኛል፣ ነገር ግን በእጅ ሲይዙት ወደ ቦታው ይመለሳል። በመጨረሻ እንደተኛ ይደርቃል፤ ያኔ ሕመሙ ወደ ውጭኛው ቁርጭምጭሚት ይዞርና የሚቀረው መፍትሔ ቢላዋ ይሆናል። እናቴን አስቀምጬ ተረከዟን ስይዝ እግሯ ተመለሰ። ሁለተኛው ላይ ነበረች። ወደ ሦስተኛው ለመሄድ ስንት ወር እንደቀራት የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ሐኪም የሚያዘው የመጀመሪያ ነገር ማሳረፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጀሶ ወይም በቦት አራት እስከ ስድስት ሳምንት። ይህን ስነግራት የመጣልኝ መልስ ላሟ፣ ውኃው፣ ፆሙ፣ የጎረቤት ተዝካር ነበር። አባቴም ዝም አለ። ክርክሩን ያሸነፍኩት በሕክምና ቃል አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት የአባቴ ፈረስ የፊት እግሩን አንክሶ ነበር። ለበዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ አባቴ ግን “ጅማቱ ነው፣ ኮርቻ አይነካውም” ብሎ ሁለት ወር አሳረፈው፣ ለራሱም ከሰው ፈረስ ተዋሰ። “አባዬ፣ ፈረሱን ስንት ሳምንት ነበር ያሳረፍከው?” አልኩት። ረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። በማግስቱ ውኃውን ማን እንደሚቀዳ ሲከፋፍሉ ሰማሁ።

መጋቢት ላይ መንገዱ የፈቀደ ዕለት በዳንግላ አድርገን ባሕር ዳር ወሰድናት። ከነሐሴ 2015 ወዲህ የኛን አካባቢ መንገድ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ቀጠሮ የሚሰጠው ሐኪሙ ብቻ አይደለም። የአጥንት ሐኪሙ ጓደኛዬ ያለውን አጸና፣ ጀሶውም ተደረገ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ዘመዴ “መርፌ አስወጓት፣ በአንድ ቀን ትድናለች” ብሎ ነበር። ሐኪሙ እጁን አወዛወዘ። ኮርቲዞን ሕመሙን ቢያስታግስም የደከመን ጅማት ይበልጥ ሊያዳክመውና ሊበጥሰው ይችላል። ይህችን ዐረፍተ ነገር የእናታቸው እግር የሚያማቸው አንባቢዎች ያዙልኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ዓመት እናቴ ታደርገው የነበረው ጫማ እኔ ከአዲስ አበባ የላክሁላት ነው። ስስ፣ ልስልስ፣ ከኋላ ምንም የማይደግፍ፣ ለፎቶ የሚያምር። ጀሶው ሲፈታ ጓደኛዬ ያዘዘው ተረከዙ የጠነከረና የሚታሰር ጫማ ነበር። የእግር ድጋፍ የሚሠራ ቦታ ቅርባችን ስላላገኘን እንጅባራ ያለ ጫማ ሰፊ ከሲሊፐር ሶልና ከቆዳ ቆርጦ፣ ከውስጥ በኩል ከፍ አድርጎ ሠራልን። ሁለት ጊዜ አስተካከለው። ለሁለተኛው ብር አልተቀበለም።

እንቅስቃሴው ደግሞ ይኸውና፤ ጠዋትና ማታ ምሰሶ ይዛ፣ በሁለት እግሯ ተረከዟን ታነሳለች፣ በጣም ቀስ ብላ ታወርዳለች። ከብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ እግሯ ላይ አስራ ወደ ውስጥ ትስባለች። ትንሽ መሰማቱ ምንም አይደለም፣ በማግስቱ ካበጠ ግን መቀነስ ነው። ይህ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቁጥሩን የምትቆጥረው በአዊኛ ነው፤ በአማርኛ ስትቆጥር ትሳሳታለች አለች እህቴ።

ጅማት በአገራችን ዜና የሆነው፣ እስከማስታውሰው፣ የኃይሌ ገብረሥላሴ አኪለስ ጊዜ ነው። ሲድኒ ላይ እያመመው ፖል ቴርጋትን ቀድሞ ገባ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ አገሩ በሙሉ ስለ አንድ ተረከዝ ተጨነቀ። እኔም ጋዜጠኛ ነኝ፤ ስለ በጀት፣ ስለ ግጭት፣ ስለ ማዳበሪያ ጽፌአለሁ። ማዳበሪያውን ከመንገድ እስከ ማሳ ተሸክመው የሚያደርሱት እግሮች በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ጠይቄ አላውቅም። በየወረዳው ሆስፒታል አንድ ፊዚዮቴራፒስት ቢኖር ውድ ማሽን አያስፈልገውም፤ ግድግዳ፣ ላስቲክና ጣት መቁጠር የሚያውቅ ዓይን ይበቃዋል። ወጌሻውም ቢሆን “ሁለት ጊዜ ታሽቶ ካልተሻለ ወደነሱ ላክ” ቢባል እንቢ የሚል ሰው አይመስለኝም። ጠይቄው “ማን ነግሮኝ?” ነው ያለኝ።

እግሯ እንደ ድሮው አልሆነም። ጎድጓዳው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ ጓደኛዬም ይመለሳል ብሎ አላታለለኝም። ሕመሙ ግን ቀንሷል፤ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች፣ ሲመሽ ትንሽ ያብጣል። ባለፈው እሑድ ስደውል ስልኩን ያነሳው አባቴ ነው። “እናትህ ምሰሶው ጋ ናት፣ አትረብሻት” አለኝ። ከኋላ ድምፅዋ ይሰማል። በቀኝ እግሯ ብቻ እየሞከረች ነበር፤ አራት ላይ ስትደርስ ቆመች።