ጉና ያጣውን ስሜን ሲያድን

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚያቀና መንገደኛ አስቀድሞ የሚያገኘው የፎገራን ሜዳ ነው። ሩዝ የሚዘራበት፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሰፊ ሜዳ ነው። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ ግን ዳገቱ ይጀምራል፤ አየሩም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት፣ አፄ ቴዎድሮስም የተቀመጡባት ከተማ ናት። በአጠገቧ ያለው ጋፋት የሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበት ስፍራ መሆኑን ከታሪክ ትምህርት ስለምታውቁት አናራዝመውም። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ እኛን ወደዚያ የወሰደን ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ የቆመው የጉና ተራራ ነው።

የርብና የጉማራ መነሻ

ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከዚህ ተራራ ተነስተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ከጣና ደግሞ ዓባይ ይወጣል። ስለዚህ ጉና ላይ የሚዘንበው ዝናብ ስንት አገር እንደሚያጠጣ አስቡት፤ ሱብሐነላህ!

በጋሳይ በኩል አድርገን ሽቅብ ስንወጣ የገብስና የድንች ማሳ ብዙ ርቀት አብሮን ወጣ። እርሻው ሲያልቅ የጓሳ ሣር ይጀምራል፤ ከሣሩ መካከል ጅባራ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል። ጅባራ ለብዙ ዓመታት ካደገ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ የሚደርቅ ተክል ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በዚህ ተራራ ይኖራሉ። ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ላያቸው አረም የሚያርሙ ገበሬዎች ይመስላሉ።

በግ የሚጠብቁ ልጆች አገኘንና ቆሏችንን ተካፈልን። «ቀይ ቀበሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብለን ብንጠይቃቸው ተያይተው ሳቁ። መልሱን የሰጡን በአጠገባቸው የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። «እነዚህ ከየት ያውቁታል ልጆቼ፤ እኔ በልጅነቴ አይቼዋለሁ። አሁን የለም» አሉን።

«አባባ፣ ምን አጠፋው?»

«እርሻው ወጣ፤ ውሻውም በዛ። እሱ የት ይግባ?»

አዛውንቱ የተናገሩት አጥኚዎች ከደረሱበት ጋር አንድ ነው። ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች በጉና ይኖሩ እንደነበር የታወቀ ሲሆን፣ ዛሬ ግን ዘራቸው ከተራራው ጠፍቷል።

ከኢትዮጵያ በቀር አገር የሌለው

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥራቸው 500 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ናቸው። የቀሩት በአርሲ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎና በስሜን ከፍተኛ ቦታዎች ተበታትነው ይኖራሉ። በመንጋ ይኖራል፤ ወደ አደን ሲወጣ ግን ለየብቻው ነው። ዋና ምግቡ አይጥ ስለሆነ ለገበሬው ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል።

ሁለት ነገሮች ያጠፉታል። አንደኛው የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ነው። ሁለተኛው ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታና ሌላው የውሻ ወረርሽኝ ነው። እንደ ጉና ያለ ተራራ ዙሪያውን በእርሻ የተከበበ ደሴት በመሆኑ፣ በላዩ ያሉት ጥቂቶች ከሞቱ የሚተካቸው ከሌላ ተራራ አይመጣም።

ተረፈ

ከጉና በስተሰሜን፣ ከጎንደር ከተማ ባሻገር፣ የስሜን ተራሮች አሉ። እዚያ ቀይ ቀበሮ ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ወንድ ቀበሮ በጥይት ተመትቶ፣ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ከ1995 ጀምሮ ለዚህ እንስሳ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከባድ ውሳኔ ገጠማቸው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በየትኛውም የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የለም፤ ተይዞ መታከሙ ራሱ ሊገድለው ይችላል። ቢተዉት ደግሞ መሞቱ ነው።

ሊያድኑት ቆረጡ። እዚያው ተራራው ላይ መጠለያ ተሠራለት፤ ታከመ፣ ተመገበ፣ ተጠበቀ። ስሙንም «ተረፈ» አሉት። ከ51 ቀን በኋላ አንገቱ ላይ በሳተላይት የሚከታተሉበት መሣሪያ አስረው ለቀቁት። ወደ መንጋው ተመለሰ፤ ኋላም ሌላ ቦታ ሴት አግኝቶ ግልገሎች ወለደ። ከ500 ገደማ እንስሳት አንዱን ማትረፍ ትንሽ ሥራ የሚመስለው ካለ፣ እነዚያን ግልገሎች ይቁጠር።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ውሃ ጠምቶት እርጥብ አፈር ይልስ ለነበረ ውሻ፣ ጉድጓድ ገብቶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው አላህ እንደማረው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውልናል። ሰውዬው አንድ ውሻ ብቻ ነው ያጠጣው፤ ውሻውም የእሱ አልነበረም።

ለዚህ ሥራ ሁሉም ሰው ስሜን ድረስ መሄድ የለበትም። ለከብት ጥበቃ ውሻ የሚያሳድግ ቤተሰብ በየጊዜው ያስከትበው። ይህ ልጆቹንም፣ የተራራውንም ቀበሮ ይጠብቃል። የቆሰለ ወይም የታመመ የዱር እንስሳ፣ ቀበሮም ይሁን ጃርት፣ ብታገኙ በእጃችሁ አትንኩት፤ ልጆችንና ውሾችን አርቁና ለፓርክ ጠባቂዎች ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ንገሩ። የነከሰው ወይም የቧጠጠው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ጉና ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። ጭላዳውም፣ ጅባራውም፣ የርብና የጉማራ ምንጮችም ገና አሉ። እነዚያ እረኞች ቀይ ቀበሮን ባያውቁትም፣ ጭላዳን ግን ለልጆቻቸው በጣታቸው ጠቁመው እንዲያሳዩ አላህ ይርዳቸው። አሚን።