ድምፁ የሚከስምበት ወገን

ሶዶ ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ቁጭ ያለ ሰው፣ ከተከፈተ ትራንዚስተር ሬዲዮ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ ያያል። ተስቦ የሚወጣው አንቴና ለኤፍኤምና ለአጭር ሞገድ ነው። መካከለኛውን ሞገድ የሚቀበለው ይህ የፌራይት ዘንግ ነው፤ አውሮፕላን አቅጣጫ የሚያወጣበት አንቴናም የእሱ የሥጋ ዘመድ ነው።

ቀን ላይ ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ክፈቱና ሬዲዮውን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ማታ አይሆንም፤ ሞገዱ ከሰማይ እየተንጸባረቀ ስለሚመለስ ያሳስታል። የዘንጉ ጎን ወደ ጣቢያው ሲሆን ድምፁ ይጎላል፣ ጫፉ ሲያነጣጥር ይከስማል። አቅጣጫ ፈላጊ የሚሻው መክሰሙን ነው። ሲግናሉ ከጎላበት 20 ዲግሪ ብታዞሩት የሚቀንሰው ወደ 6 በመቶ ብቻ ነው፣ ጆሮ አይለየውም። ከከሰመበት 20 ዲግሪ ካለፋችሁ ግን ሲሶው ተመልሶ ይመጣል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ችግሩ ዘንግ ሁለት ጫፍ ያለው መሆኑ ነው። ጣቢያው በአዲስ አበባ በኩል ይሁን በአርባ ምንጭ በኩል ብቻውን አይነግረንም። አውሮፕላን ላይ ከየትኛውም ወገን እኩል የሚቀበል ሌላ አንቴና ይጨመርበታል፤ የሁለቱ ሲግናል በአንድ ወገን ይደመራል፣ በተቃራኒው ይጠፋፋል፣ የሚከስምበት ወገን አንድ ብቻ ይሆናል። ዛሬ የሚዞር አንቴና የለም፤ ተሻግረው የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች በጠፍጣፋ ሽፋን ውስጥ ተቀምጠው በአብራሪው ፊት ያለውን አቅጣጫ ጠቋሚ መርፌ ያዞራሉ።

ድሮ አንቴናው የሽቦ ቀለበት ነበር፣ በእጅም ነበር የሚዞረው። አሜሪካዊቷ አብራሪ አሚሊያ ኤርሃርት በሰኔ 1929 ዓ.ም. ምጽዋና አሰብ አርፋ ወደ ካራቺ ስትበር፣ ኤሌክትራ አውሮፕላኗ ጣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ቀለበት ነበር። ሰኔ 25 ቀን የሃውላንድን ደሴት ስትፈልግ፣ ኢታስካ የተባለችው መርከብ በ7500 ኪሎኸርዝ ሲግናል ላከችላት። ኤርሃርት ሲግናሉን ሰማች፤ የሚከስምበትን ነጥብ ግን ማግኘት አልቻለችም፤ የሞገዱ ድግግሞሽ ለዚያ መሣሪያ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተገኘችም። እየሰሙ መጥፋት አንጀቴን ይበላኛል።

በክረምት ዳሞታ ተራራ ላይ መብረቅ ሲወርድ ሬዲዮው ይንጫጫል። የአውሮፕላኑ መርፌም ጣቢያውን ትቶ ወደ መብረቁ ሊዞር ስለሚችል፣ አብራሪዎች በነጎድጓድ ጊዜ አያምኑትም። እንግሊዝ አገር ሳይንቲስቱ ሮበርት ዋትሰን ዋት ይህንኑ ወደ መብረቅ የመዞር ጠባይ ሥራ ላይ አዋለው፤ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት ተሻጋሪ ቀለበቶችን ከካቶድ ጨረር ቱቦ ጋር አገናኝቶ መብረቅ የወረደበትን አቅጣጫ በመስታወቱ ላይ በመስመር ማየት ቻለ። መስመሩም ሁለት ጫፍ ስላለው፣ መብረቁ በየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት ተጨማሪ አንቴና ያስፈልግ ነበር።