«ዘሩ ንጹህ ነው» ሲባል

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የቡችላ ማስታወቂያ በዝቷል። «ንጹህ ዘር፣ ያልተደባለቀ» ይላል። ዋጋው የሚሰቀለውም በዚሁ ቃል ነው። እኔ ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ይህን ቃል ስሰማ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ዳልሜሽን ነው፤ ያ በካርቱን ፊልም የምናውቀው፣ ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ውሻ።

አብዛኞቹ ውሾች ዩሪክ አሲድ የሚባለውን ቆሻሻ ጉበታቸው ውስጥ በቀላሉ ወደሚሟሟ ነገር ቀይረው በሽንት ያስወግዱታል። ዳልሜሽን ላይ ግን ዩሪክ አሲዱ በብዛት እንዳለ ሽንት ውስጥ ይገባል። አንዳንዶቹ ላይ ጠጠር ይሠራል። በተለይ ወንዶቹ የሽንት ቧንቧቸው ይዘጋና ቶሎ ካልታከሙ ይሞታሉ። ምክንያቱ አንድ የተበላሸ ጂን ነው፣ ያውም ሪሴሲቭ። ሰሌዳ ላይ ካሬ እየሣልን የሠራነውን አስታውሱ፦ ችግሩ የሚታየው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው።

ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። «ንጹህ» በተባሉት ዳልሜሽኖች ውስጥ ጤነኛው ጂን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ እርስ በርስ ቢያዋልዷቸው ቢያዋልዷቸው መፍትሔ የለም፤ ከሌለበት ቤት ምን ይገኛል?

በ1973 ሮበርት ሼብል የተባለ አሜሪካዊ የጄኔቲክስ ባለሙያ አንድ ዳልሜሽን ፖይንተር ከሚባል ሌላ ዝርያ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ አዳቀለ። ከተወለዱት ጤነኛው ጂን ያላቸውን እየመረጠ መልሶ ከዳልሜሽን ጋር፣ እንደገና ከዳልሜሽን ጋር። በየትውልዱ የፖይንተሩ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። አሥር ጊዜ በግማሽ ስትከፍሉት ከሺህ አንድ እንኳን አይሞላም። ጤነኛው ጂን ግን አለ።

የአሜሪካው የውሻ መዝጋቢ ክበብ በ1981 ሁለቱን መዘገበ። የዳልሜሽን አርቢዎች ማኅበር አባላት «ዘራችን ተበረዘ» ብለው ተቃወሙና ምዝገባው ቆመ። በ2008 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዋ ዳኒካ ባናሽና ባልደረቦቿ ኤስኤልሲ2ኤ9 የተባለውን ጂን ለይተው አሳዩ። እነዚያ ውሾች እንደገና በመዝገቡ ተቀባይነት ያገኙት በ2011 ነው። ሠላሳ ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ጠጠሩን የተሸከመው ውሻው ነው፣ ስለ ንጽሕና የተከራከረው ሰው አይደለም።

የኛ አያቶች ጂን የሚባል ነገር ሳያውቁ «ሰባት ቤት ቁጠር» ይሉ ነበር። ለሰው ያወቅነውን ለውሻ ለምን እንረሳዋለን?

ይህን ያነሳሁት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ ነው (ፈቅዶልኛል)። «ቲቸር፣ ወንድምና እህት ጀርመን ሼፐርድ አሉኝ። ዘሩ እንዳይበላሽ እርስ በርስ ላስወልዳቸው? ያለችኝን ብር በሙሉ እነሱ ላይ ነው ያፈሰስኩት።» ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ በራሱ የጀመረው ነገር ስለሆነ መልሱን ቀለል አድርጌ ልነግረው አልቻልኩም። አንድ ወላጃቸው አንድ ድብቅ የበሽታ ጂን ቢኖረው ሁለቱም የመውረስ ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። ሁለቱም ከወረሱ ደግሞ እያንዳንዱ ቡችላ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ይህ እንግዲህ ለአንድ ጂን ብቻ ነው፤ ስንት ድብቅ ጂን እንዳለ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ወንድሜ፣ አታድርገው። ለሴቷ የማይዛመዳትን ወንድ ፈልግላት፣ ብትከፍልም ክፈል። ጀርመን ሼፐርድ ላይ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ስለሚመጣ፣ ከማስወለድህ በፊት የሁለቱንም ዳሌ ራጅ አስነሳ። ዘንድሮ ትርፉ ይቀንስብሃል። ግን ቡችላው በዓመቱ እያነከሰ ቢመለስልህ ስምህን በምን ትገዛዋለህ?

ቡችላ የምትገዙም «ንጹህ ነው ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «እናቱና አባቱ ይዛመዳሉ ወይ? ጤናቸውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውሻ ለሚያረባ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት፤ ጥያቄ ያለው ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ፣ እመልሳለሁ።